ለኤሌክትሪክ ጊታር ተተኪ ፒክአፕ በአነስተኛ ወጪ ስለ መምረጥ

በዑረይጃም ሆነ በሌሎች የሪያድ ሰፈሮች ሠርተው ለሚኖሩ አንዳንድ ወገኖች ከሥራ መልስ ጊታር አንሥቶ ትዝታን ወይም ባቲን መጫወት የሳምንቱ ድካም ማረፊያ ነው። ጊታሩ ግን ብዙውን ጊዜ በርካሽ የተገዛ ወይም ወደ አገሩ ከተመለሰ ጓደኛ የተላለፈ ይሆናል። ድምፁ ሲደበዝዝ፣ አምፕሊፋየሩ ሲያጉረመርም ወይም አንደኛው ክር ከሌሎቹ አንሶ ሲሰማ ባለቤቱ ከሚያውቁ ሰዎች የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር «ፒክአፑን ቀይረው» የሚል ነው። ምክሩ አንዳንድ ጊዜ ትክክል ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ሆኖ ሳለ፣ ለቤተሰብ ሊላክ ይችል ከነበረ ገንዘብ ላይ ተቀንሶ የተገዛው አዲስ ዕቃ ያንኑ ጉርምርምታ ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ ከምርጫው አስቀድሞ ፒክአፕ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል።

ፒክአፕ በመሠረቱ ማግኔትና በማግኔቱ ዙሪያ በብዙ ሺህ ዙር የተጠቀለለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። የሽቦው ውፍረት በተለመዱት ዓይነቶች 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ይህም እንደ ፀጉር የቀጠነ ማለት ነው። የብረት ክሩ በማግኔቱ ላይ ሲርገበገብ መግነጢሳዊው መስክ አብሮ ይናወጣል፤ በጥቅል ሽቦው ውስጥም እጅግ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። አምፕሊፋየሩ የሚያጎላው ይህንን ሞገድ ነው። ይህ አሠራር ለጊታር በተግባር የዋለው ጆርጅ ቦሻምፕ እና አዶልፍ ሪከንባከር እ.ኤ.አ. በ1931 ባበጁት፣ ቅርጹ መጥበሻ በመምሰሉ «መጥበሻው» የሚል ቅጽል ስም በወጣለት ጊታር ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማሻሻያ ቢደረግም መሠረቱ አልተለወጠም። ርካሹም ሆነ ውዱ ፒክአፕ ያው ማግኔትና ያው የመዳብ ሽቦ ነው፤ የዋጋው ልዩነት የሚመጣው በአብዛኛው ከማግኔቱ ዓይነት፣ ከአጠቃለሉ ጥንቃቄና ከስሙ ነው።

ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚሆን ጊታር የራሱ የሆነ ፍላጎት አለው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በአምስት ድምፅ ላይ የቆሙ ቅኝቶች በመሆናቸው ጊታሪስቱ ብዙውን ጊዜ የሚጫወተው ወፍራም የኮርድ ጥርቅም ሳይሆን፣ እንደ ክራር አንድ በአንድ የሚለቀም ዜማ ነው። በአይቤክስና በሮሃ ባንዶች የተጫወተው ሰላም ስዩም ወልደማርያም ጊታሩን የሚያናግርበትን መንገድ የሚያስታውስ ሰው ነገሩን ይረዳዋል። ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1975 የቀረጸውን «እሬ መላ መላ» ያዳመጠም እንዲሁ። በዚህ ዓይነት አጨዋወት የእያንዳንዱ ክር አጀማመርና አጨራረስ ጎልቶ መሰማት አለበት። ስለዚህ «ኃይለኛ»፣ «ከፍተኛ ጉልበት ያለው» እየተባለ የሚሸጠው ፒክአፕ ለከባድ የሮክ ሙዚቃ ቢስማማም ለትዝታ ዜማ ሊያደነቁር ይችላል። የጉልበት መብዛት የድምፅ ጥራት ምስክር እንዳልሆነ ገዢው ገና ከመነሻው ሊያውቅ ይገባዋል።

ከመግዛት በፊት

መጀመሪያ ክሮቹ ይለወጡ። የሪያድ አቧራና የእጅ ላብ ተባብረው ክርን ቶሎ ያደነዝዛሉ፤ የደነዘዘ ክር ያለው ጊታር ደግሞ የትኛውም ፒክአፕ ቢገጠምለት ደብዛዛ ነው። በዚሁ አጋጣሚ የክሩ ዓይነት ይታይ። ለአኩስቲክ ጊታር የሚሠሩት የነሐስ ክሮች በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ሲታሰሩ ድምፃቸው ያልተመጣጠነ ይሆናል፤ ምክንያቱም ነሐስ በማግኔት አይሳብም፣ ፒክአፑ የሚሰማው በውስጣቸው ያለውን የብረት እምብርት ብቻ ነው።

ቀጥሎ የፒክአፑ ከፍታ ነው። በሁለቱ ጎኖች ያሉትን ብሎኖች በካቻቢቴ በማዞር ፒክአፑን ከክሩ ማቅረብና ማራቅ ይቻላል። ክሮቹ በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው በቀጭኑ ክር በኩል 2 ሚሊ ሜትር፣ በወፍራሙ በኩል 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት መተው ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ በጆሮ እያዳመጡ ማስተካከል ነው። ማግኔቱ ከክሩ በጣም ከቀረበ በተለይ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ደወል ይወላገዳል፤ ብዙ ሰዎች ይህን ጉድለት የፒክአፑ ብልሽት አድርገው ይወስዱታል። አንዱ ክር ብቻ አንሶ የሚሰማ ከሆነም መፍትሔው ብዙውን ጊዜ በዚሁ ብሎን ላይ ነው። ለዚህ አንድ ሪያል እንኳ አይወጣም።

ሦስተኛው የድምፅ ማዞሪያዎቹ ናቸው። ቁልፉ ሲዞር «ክርክር» የሚል ድምፅ ከተሰማ አቧራ ወደ ፖቴንሺዮሜትሩ ገብቷል ማለት ነው። በየኤሌክትሮኒክስ መደብሩ የሚገኘውን የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ጥቂት ነፍቶ ማዞሪያውን ደጋግሞ ማዞር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የኬብል መሰኪያውም ይፈተሽ፤ የላላ መሰኪያ ድምፅን ይቆራርጣል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ችግሩ ካልተፈታ ፒክአፑ ራሱ ይመርመር። ለዚህ አንድ ተራ ቴስተር ይበቃል። ቴስተሩ በ20 ኪሎ ኦም ላይ ተደርጎ ሁለቱ የፒክአፑ ሽቦዎች፣ ከሌላው ዑደት ተለያይተው፣ ይለኩ። ለተለመደው ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ከ5.5 እስከ 7 ኪሎ ኦም፣ ለተለመደው ሀምበከር ከ7 እስከ 9 ኪሎ ኦም አካባቢ ከታየ ጥቅሉ ደኅና ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳዩ ጉልበታም ዓይነቶችም አሉ። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ግን ሽቦው ውስጡ ተበጥሷል፤ ያን ጊዜ ተተኪ መግዛት የግድ ነው።

ባለ አንድ ጥቅል ወይስ ሀምበከር?

እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣው ፌንደር ስትራቶካስተርና እርሱን የሚመስሉ ጊታሮች ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ ሦስት ይይዛሉ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፤ ሕመማቸው ደግሞ በአካባቢያቸው ካለው የኤሌክትሪክ መስመር ጉርምርምታን መልቀማቸው ነው። የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ ሴት ላቨር እ.ኤ.አ. በ1955 ለዚህ መፍትሔ የፓተንት ማመልከቻ አቀረበ። አሳቡ ቀላል ነው። ሁለት ጥቅሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ የአንደኛው ማግኔትም ሽቦም ከሌላው ተቃራኒ ይሆናል። የክሩ ድምፅ ይደመራል፣ ከውጭ የመጣው ጉርምርምታ ግን ራሱን በራሱ ያጠፋል። «ሀምበከር» የተባለውም ጉርምርምታን የሚቃወም ለማለት ነው። ፓተንቱ የጸደቀው በ1959 ቢሆንም ፒክአፑ ከ1957 ጀምሮ በሌስ ፖል ጊታሮች ላይ ይገጠም ነበር።

ለሪያድ ነዋሪ ይህ ልዩነት የቤቱ ጉዳይ ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ የኤሌክትሪክ መረብ በሴኮንድ 60 ጊዜ የሚወዛወዝ ሲሆን የኢትዮጵያው 50 ጊዜ ነው። ስለዚህ አንድ ጊታር እዚህ የሚያጉረመርመው አዲስ አበባ ላይ ከሚያጉረመርመው በመጠኑ ቀጠን ባለ ድምፅ ነው፤ ጆሮው የሠለጠነ ሙዚቀኛ ልዩነቱን ይለየዋል። የስልክ ቻርጀር፣ የአየር ማቀዝቀዣና የመብራት ማደብዘዣ በሞሉበት ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚጫወት ሰው ጉርምርምታውን ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ጊታሩን ይዞ በክፍሉ ውስጥ ዞር ዞር ይበል። አቅጣጫው ሲለወጥ ድምፁ የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ ፒክአፑ ከአንድ መሣሪያ እየለቀመ ነው፤ ያን መሣሪያ ማጥፋት ወይም ቦታ መለወጥ ይበቃል። ክሩን በእጅ ሲነኩት ጉርምርምታው በጥቂቱ የሚቀንስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የተለመደ ነገር ነው። ክሩን ሲነኩ ምንም ለውጥ ከሌለና ጩኸቱ ከፍተኛ ከሆነ ግን ከብሪጁ ጋር የሚያያዘው የመሬት ሽቦ ተለያይቷልና አዲስ ፒክአፕ አያድነውም።

ሀምበከር ጉርምርምታን ቢያስወግድም በስፋት ከባለ አንድ ጥቅሉ እጥፍ ያህል ስለሚሆን በስትራቶካስተር ዓይነት ጊታር ላይ እንጨት ሳይቦረቦር አይገባም። ለዚህ የሚሆን በባለ አንድ ጥቅል መጠን የተሠራ ሀምበከርም በገበያ አለ፤ ሁለቱ ጥቅሎች አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ወይም በቀጭኑ ጎን ለጎን ተቀምጠው ነው። ለጠባብ ክፍል ይህ ከሁሉ የሚሻል መካከለኛ መንገድ ይመስለናል፤ ምንም እንኳ የጠራው የላይኛው ድምፅ ትንሽ ቢለሰልስም። ሦስቱንም ባለ አንድ ጥቅል አድርጎ መቀጠል የሚፈልግ ደግሞ የመካከለኛው ፒክአፕ በተቃራኒ የተጠቀለለና ማግኔቱም የተገለበጠ መሆኑን አረጋግጦ ይግዛ። እንዲህ ከሆነ ማርሹ ሁለት ፒክአፖችን በአንድነት በሚያሠራበት ቦታ ላይ ጉርምርምታው ይጠፋል።

ማግኔቱና ቁጥሩ

በሻጮች መግለጫ ላይ ሁለት ቃላት ይደጋገማሉ፦ አልኒኮና ሴራሚክ። አልኒኮ ከአሉሚኒየም፣ ከኒኬል፣ ከኮባልትና ከብረት የተቀላቀለ ማግኔት ሲሆን በቁጥር ይለያል፤ 2 ለስለስ ያለ፣ 5 ጠንከር ያለና ብሩህ ድምፅ ይሰጣል። ሴራሚክ ርካሽና ኃይለኛ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ሴራሚክ መጥፎ ነው» ማለት ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ዲማርዚዮ ያወጣው፣ ለተተኪ ፒክአፕ ገበያ መንገድ የከፈተው ሱፐር ዲስቶርሽን ማግኔቱ ሴራሚክ ነው። ችግር ያለበት በብዙ ርካሽ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፖች ላይ የሚታየው አሠራር ነው። በእነዚህ ላይ የሚታዩት ስድስት ምሰሶዎች ማግኔት ሳይሆኑ ተራ ብረት ናቸው፤ ከሥራቸው አንድ ወይም ሁለት የሴራሚክ ዘንጎች ተለጥፈዋል። ድምፃቸው ወፍራምና ትንሽ የታፈነ ይሆናል። ፒክአፑን ገልብጦ ከሥሩ ማየት ልዩነቱን ወዲያው ያሳያል፦ የተለጠፈ ዘንግ ካለ የሴራሚክ ዓይነት ነው፣ የምሰሶዎቹ ጫፎች ባዶ ሆነው ከታዩ ምሰሶዎቹ ራሳቸው ማግኔት ናቸው። በፎቶግራፍ ብቻ የሚሸጥ ሰው የሥሩን ምስል እንዲልክ መጠየቅ ነውር የለውም።

የኪሎ ኦም ቁጥር ደግሞ ብዙ ገዢዎችን ያሳስታል። ቁጥሩ የሽቦውን ርዝመትና ቅጥነት እንጂ የድምፁን ጉልበት በቀጥታ አይለካም። በቀጭን ሽቦ የተጠቀለለ ደካማ ፒክአፕ በወፍራም ሽቦ ከተጠቀለለ ጉልበታም ፒክአፕ የበለጠ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። አንድ ዓይነት ሽቦና አንድ ዓይነት ማግኔት ያላቸውን ሁለት ፒክአፖች ለማነጻጸር ብቻ ቢጠቀሙበት ይጠቅማል።

ከዚህ ይልቅ ሊለካ የሚገባው በገዢው እጅ ያለ ነገር ነው፦ ማስመሪያ። ከመጀመሪያው ምሰሶ መካከል እስከ ስድስተኛው ምሰሶ መካከል ያለው ርቀት ይለካ። ለባለ አንድ ጥቅል 48፣ 50 ወይም 52 ሚሊ ሜትር፣ ለሀምበከር 50 ወይም 52 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ልኩ ካልገጠመ የፕላስቲክ ሽፋኑ አይገባም ወይም የዳር ክሮች ከምሰሶው ውጭ ያልፋሉ። በአብዛኛው ተመልሶ ሊሸጥ የማይችል ዕቃ በእጅ የሚቀረው በዚህች የሁለት ሚሊ ሜትር ስሕተት ነው። የጉድጓዱ ጥልቀትና የብሎኖቹ ርቀትም አብረው ይለኩ።

ዋጋውና ገበያው

በዝቅተኛ ዋጋ ከሚታወቁት ስሞች መካከል ዊልኪንሰን፣ የኮሪያው አርቴክ፣ ቶንራይደርና የቻይናው ፍሌኦር ይገኛሉ። አንድ ምርጫ ብቻ ስጡ ብንባል ለኢትዮጵያ ዜማ የአልኒኮ 5 ምሰሶ ያላቸውንና በመካከለኛ ጉልበት የተጠቀለሉትን እናስቀድማለን። ሲሞር ዳንከንና ዲማርዚዮ የታወቁ ቢሆኑም አዲስ ሲገዙ የአንድ ጥንዳቸው ዋጋ ከጀማሪ ጊታር ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ያገለገለ ከተገኘ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ፒክአፕ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው ጥቅሉ እስካልተበጠሰና ማግኔቱ እስካልተጎዳ ድረስ ለዐሥርት ዓመታት ያገለግላል። ሐራጅ ቢን ቃሲምን ወደመሰሉ የሪያድ ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያዎች የሚሄድ ሰው ቴስተሩን በኪሱ ይዞ ይሂድ። የታዋቂ ኩባንያ ስም ታትሞበት በማይታመን ዋጋ የሚቀርብ አዲስ ፒክአፕ ሐሰተኛ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ስለሆነ፣ ስም የሌለውን በግልጽ ዋጋው መግዛት ይሻላል።

ከውጭ በኢንተርኔት ለሚያዝ ሰው ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሪያል ከዶላር ጋር ያለው ተመን 3.75 ላይ የቆመ በመሆኑ 40 ዶላር የተባለ ዕቃ 150 ሪያል ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ስለሆነ 22.50 ሪያል ሲጨመር 172.50 ይደርሳል፤ ማጓጓዣው ገና አልተቆጠረም። ለዚህ ነው ሦስቱን ፒክአፕ በአንድ ጊዜ ከመለወጥ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚሠራበትን አንዱን ብቻ መለወጥ የሚመከረው። ዜማ የሚለቅም ተጫዋች ከአንገቱ በኩል ያለውን፣ የሬጌና የምት ተጫዋች የብሪጁን ያስቀድም። ጊታሩ ራሱ በ200 ሪያል የተገዛ ከሆነና አንገቱም የተጣመመ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን አጠራቅሞ የተሻለ ያገለገለ ጊታር መፈለግ ይበጃል።

መግጠም

ሥራው ሽቦ የመበየድ ጥቂት ልምድ ይጠይቃል። 40 ዋት ያህል መበየጃ፣ የብየዳ ቆርቆሮ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ናስትሮ ይበቃሉ። የድሮ ቤቶች ሶኬት ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ በሪያድ በአንዳንድ አሮጌ ሕንፃዎች እስከ ዛሬ 127 ቮልት የሚሰጡ ሶኬቶች አሉ። ለ220 ቮልት የተሠራ መበየጃ በእነዚህ ላይ ሲሰካ የጉልበቱን ሲሶ ያህል ብቻ ያገኛል። ቆርቆሮው ሳይቀልጥ ይቆያል፤ ሠሪው ደግሞ ደጋግሞ በመንካት የፒክአፑን ሽቦ ያቃጥላል። መበየድ የማይችል ሰው ሞባይል ጠጋኝን ማስቸገር ይችላል፤ ብየዳው ለእነርሱ የዕለት ሥራ ነው።

የቀድሞው ሽቦ ከመነቀሉ በፊት በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ። የሽቦ ቀለም ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ በአንዱ ቀይ የሆነው በሌላው መሬት ሊሆን ይችላልና ከፒክአፑ ጋር የመጣው መግለጫ ይታይ። አዲሱ ተገጥሞ ለብቻው ጥሩ ሆኖ፣ ከቀድሞው ጋር አብሮ ሲሠራ ድምፁ ቀጥኖ ከአፍንጫ የሚወጣ ከመሰለ ሁለቱ እርስ በርስ ተቃርነዋል፤ የአንደኛውን ሁለት ሽቦዎች ቦታ ማለዋወጥ ይፈታዋል። የብረት ሽፋን ያለው ከሆነ ግን ሽፋኑ ከየትኛው ሽቦ ጋር እንደተያያዘ አስቀድሞ ይታይ። ባለ አንድ ጥቅሉን በሀምበከር የተካ ሰው ማዞሪያውን ከ250 ወደ 500 ኪሎ ኦም መለወጥ አለበት፤ ካልለወጠ ድምፁ ከሚገባው በላይ ይደበዝዛል። ባትሪ የሚፈልጉት እንደ ኢኤምጂ ያሉ ፒክአፖች ማዞሪያቸውም ሌላ ስለሆነ ለአነስተኛ በጀት አይመከሩም።

አብዛኛው ፒክአፕ ጥቅሉ እንዳይጮህ በሰም የተነከረ ነው። በበጋ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ ጊታርን መተው ይህን ሰም ሊያለሰልሰውና ሊያቀልጠው ይችላል፤ እንጨቱንም ይጎዳል።

በመጨረሻ ስለ ክራር አንድ ነገር። አንዳንድ ወገኖች የጊታር ፒክአፕ ለክራራቸው ገዝተው ድምፅ ሲያጡ ይታያል። መግነጢሳዊ ፒክአፕ የሚሰማው ብረትን ብቻ ነውና ናይለን ወይም ጅማት የታሰረበት ክራር ላይ ምንም አይሠራም። ክሩ ብረት ከሆነ ይሠራል። ለናይለኑ የሚያስፈልገው ከገበቴው ላይ የሚለጠፍ፣ ንዝረትን ራሱን የሚለውጥ ፒኤዞ ነው። ፒኤዞ እጅግ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን በቀጥታ ወደ ተራ አምፕሊፋየር ከተሰካ ድምፁ የሳሳና የሚሰነጥቅ ስለሚሆን በመካከሉ አነስተኛ ቅድመ ማጉያ ይፈልጋል። የሚለጠፍበት ቦታም የሚገኘው በሙከራ ነው፤ በፕላስተር ለጊዜው እየያዙ ከድልድዩ አጠገብ ጀምሮ ወደ ዳር እያራቁ ማዳመጥ፣ ጥሩው ቦታ ሲገኝ ብቻ በሙጫ ማጣበቅ።